ለአንድ ሸክላ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ፦ የቢሊ ሊ ራይሊ እና የ«ሬድ ሆት» ታሪክ

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2015፣ ሎስ አንጀለስ። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚኬርስ የተባለው፣ የተቸገሩ ሙዚቀኞችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦብ ዲላንን የዓመቱ ሰው ብሎ የሚያከብርበት ምሽት ነው። ዲላን መድረክ ላይ ከዘፈኑ ውጪ አንድ ቃል ለማውጣት የሚሰስት ሰው ነው። የዚያን ምሽት ግን ወረቀቱን ይዞ ወጣና ከግማሽ ሰዓት በላይ ተናገረ። የረዱትን አመሰገነ፣ ያጣጣሉትንም ሳይሸሽግ ወጋ ወጋ አደረጋቸው። ንግግሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ለብዙ ሰው እንግዳ የሆነ ስም አነሳ፤ ቢሊ ሊ ራይሊ።

ዲላን ያለው በአጭሩ ይህ ነው። ራይሊ ጀግናዬ ነበር፤ «ሬድ ሆት» የሚለውን ዘፈኑን የሰማሁት ገና የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ የሙዚቃው ንግድ እንዲህ ያለውን ሰው «ባለ አንድ ዘፈን» እያለ ዝቅ ያደርገዋል፤ አንዳንዴ ግን ባለ አንድ ዘፈኑ ሃያ ሠላሳ ዘፈን ከሰመረለት ኮከብ የበለጠ ነገር በሰው ልብ ውስጥ ትቶ ያልፋል። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስንቱን ሲያስገባ ራይሊን በር ላይ መተዉም እንዳናደደው አልደበቀም። ራይሊ ይህን ሁሉ አልሰማም። ከሞተ አምስት ዓመት ተኩል ሆኖታል።

አንድ ዘፋኝ እንዴት «ባለ አንድ ዘፈን» ሆኖ ይቀራል? የተለመደው መልስ «ሕዝብ አልወደደውማ» የሚል ነው። የራይሊ ታሪክ ሌላ መልስ አለው። ሕዝቡ አፉን ሳይከፍት በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ነበር።

ራይሊ የተወለደው ኦክቶበር 5 ቀን 1933፣ በአርካንሳስ ግዛት ፖካሆንታስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወገቧ የተሰበረበት ነው። አባቱ እኩል አራሽ ነበር። ጭሰኝነት ምን እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ ኑሯቸውን ለመገመት አይቸገርም። መሬቱ የባለመሬቱ ነው፣ ጎጆውም የባለመሬቱ ነው፣ ዘሩና ቀለቡ በዱቤ ይወሰዳል። ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ የባለመሬቱ ድርሻ ይነሳል፣ ከተረፈው ላይ የዓመቱ ዕዳ ይቀነሳል፣ በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው አዲስ ዱቤ ለመጠየቅ የሚያበቃ ፊት ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሕጉ ነጭና ጥቁሩን በትምህርት ቤትም በአውቶቡስም ለያይቷል። የጥጥ ማሳ ላይ ግን ድህነት ጎን ለጎን ያቆማቸው ነበር። ልጁ ቢሊ ጊታር የተማረው ከጥቁር የእርሻ ሠራተኞች ነው። ብሉዝን በሬዲዮ ሰምቶ የወደደ የከተማ ልጅ አይደለም፤ ከሚጫወቱት ሰዎች እግር ሥር ተቀምጦ፣ ጣታቸውን እያየ ነው የለመደው። ሃርሞኒካም በልጅነቱ ነው የያዘው። ይህችን ሃርሞኒካ አንባቢ ቢያስታውሳት መልካም ነው፤ በኋላ በመጥፎ ቀን እንጀራ ሆናዋለች።

አራት ዓመት በውትድርና አገልግሎ ሲመለስ ሙዚቃው አልለቀቀውም። በ1955 መገባደጃ ላይ መንገድ ዳር መኪና የሚለምኑ ሁለት ሰዎች አሳፈረ። ጃክ ክሌመንት እና ስሊም ዋላስ ይባላሉ። ሁለቱ ሜምፊስ ውስጥ በዋላስ የመኪና ጋራዥ ስቱዲዮ የማቋቋም ሐሳብ ነበራቸው። ሰውን ያገናኘ መንገድ ይባላል እንዲህ ያለው። በዚሁ ትውውቅ ራይሊ የመጀመሪያ ዘፈኑን ቀረጸላቸው። ክሌመንት ቴፑን ይዞ ወደ ሸክላ ለማስገልበጥ የሄደው ዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 ወደሚገኘው ወደ ሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ነበር። ፊሊፕስ ቴፑን ሰማ፣ ዘፈኑን ገዛ፣ ክሌመንትንም ቀጠረው። «ትራብል ባውንድ» የተባለው ይህ ዘፈን በሴፕቴምበር 1956 ሰን በሚለው የፊሊፕስ ኩባንያ ስም ታትሞ ወጣ።

ሰን ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ ከውጪ ለሚያየው ግን ተራራ ያህል ነበር። ፊሊፕስ በ1950 ስቱዲዮውን ሲከፍት በሩን ያንኳኩት የሜምፊስ ጥቁር ሙዚቀኞች ነበሩ። ቢ ቢ ኪንግና ሃውሊን ዎልፍ ዓለም ሳያውቃቸው በፊት እዚያ ቀርጸዋል። በ1954 ግን ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር መጣና ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ነጭ ልጅ የጥቁሮቹን ምት ይዞ ሲዘፍን ሸክላው የሚገባበት ሱቅ፣ የሚጫወትበት ሬዲዮ፣ የሚገዛው ሰው ሁሉ እንደሚበዛ ፊሊፕስ ገባው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ፊቱን ወደ ነጭ ወጣቶች አዞረ፤ ቀድመው የመጡት ጥቁር ዘፋኞች ቀስ በቀስ ከበሩ ተገፉ። ለሰን የመጀመሪያውን ዝና ያመጣለት ሩፈስ ቶማስ ይህን ቅሬታ እስኪያረጅ ድረስ ሲናገረው ኖሯል።

ነጮቹ ልጆች የሚጫወቱት ሙዚቃ ሮካቢሊ ተባለ። ቃሉ ሮክ ከሂልቢሊ ጋር የተዳቀለበት ነው። ሂልቢሊ ከተሜው የተራራውን ባላገር የሚሰድብበት ስም ነው፤ የነጭ ገበሬዎቹም ሙዚቃ፣ ኋላ ካንትሪ የተባለው፣ በዚሁ ስድብ ይጠራ ነበር። እንግዲህ ሮካቢሊ ማለት የባላገሩ ዘፈን የጥቁሩን ምት ሲለብስ ማለት ነው። ባሱ በዱላ እንደተመታ በር ይጮኻል፣ ዘፋኙ ይንተባተባል፣ ያንቋርራል፣ ይስቃል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሆንና ያልቃል። ራይሊ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነበር። መልከ መልካም ነው፣ መድረክ ላይ አይቆምም፣ ጊታርም ባስም ሃርሞኒካም ከበሮም ይጫወታል።

በፌብሩዋሪ 1957 «ፍላይን ሶሰርስ ሮክ ኤንድ ሮል» ወጣ። ዘመኑ አሜሪካውያን ሰማይ ሰማይ እያዩ በራሪ ሳህን አየን የሚሉበት ነበርና ዘፈኑም ከማርስ የመጡ እንግዶች ሮክ ኤንድ ሮል ሲያስተምሩ የሚተርክ ቀልድ ነው። ባንዱም ከዚሁ ተነሥቶ «ትንንሾቹ አረንጓዴ ሰዎች» ተባለ። ጊታሩን ሮላንድ ጄንስ፣ ከበሮውን ጄ ኤም ቫን ኢተን ያዙ። ለቀረጻው ፒያኖ የመታው ደግሞ ከሉዊዚያና ገና የመጣ፣ ስም የለሽ ጎረምሳ ነው፤ ጄሪ ሊ ሉዊስ ይባላል።

እነዚህ አረንጓዴ ሰዎች ከራይሊ ጋር ብቻ አልቀሩም። የሰን ስቱዲዮ ቋሚ አጃቢዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት ጄሪ ሊን ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ ያሳወቀው «ሆል ሎታ ሼኪን» ሲቀረጽ ጊታሩ የጄንስ ነው፣ ከበሮውም የቫን ኢተን ነው። ራይሊ ያሰባሰባቸው ልጆች የሌላውን ሰው መሰላል አቁመው ያዙለት።

«ሬድ ሆት» የወጣው በሴፕቴምበር 1957 መጨረሻ ነው። ዘፈኑ የራይሊ ድርሰት አልነበረም። የጻፈውና በ1955 እዚያው ሰን ቤት የቀረጸው ቢሊ ኤመርሰን፣ በቅጽል ስሙ «ዘ ኪድ» የተባለ ከፍሎሪዳ የመጣ ጥቁር ፒያኒስት ነው። የእሱ ሸክላ ብዙ ሳይሄድ ቀረ፤ ኤመርሰንም ፊሊፕስ ፊቱን ባዞረበት በዚያው ጊዜ ወደ ቺካጎ ሄዶ ቪ ጄይ ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዘፈኑ አንዱ ያወጣል ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘፋኙ በፍቅረኛው ይኮራል፣ የሌላውን ያጣጥላል። ቁም ነገር አይፈለግበትም። ኤመርሰን በፈገግታ ያለፈውን ራይሊ እንደ ሰደድ እሳት ለቀቀው። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚሰማ ሰው አንዱ ሌላውን ሰረቀ አይልም፤ ሁለት ዓመት ብቻ በሚለያያቸው ሸክላዎች መካከል ሙዚቃው ምን ያህል እንደሮጠ ግን ይሰማዋል።

ሸክላው ይንቀሳቀስ ጀመር። ራይሊም ቀኑ የደረሰ መሰለው።

እዚህ ላይ የሸክላ ንግድ በዚያን ጊዜ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካልታወቀ የሚከተለው ነገር ተራ ክፋት ይመስላል። እንደ ሰን ያለ ትንሽ ኩባንያ የራሱ ማተሚያ የለውም። ለማተሚያ ቤቱ ይከፍላል፣ ሸክላውን በየክፍለ ሀገሩ ላሉ አከፋፋዮች ይልካል፣ ከዚያ ገንዘቡን ይጠብቃል። አከፋፋዩ ወራት ዘግይቶ ይከፍላል፤ ያልተሸጠውንም ይመልሳል። ስለዚህ ዘፈን በድንገት ሲፈለግ ኩባንያው ደስ ሊለው ሲገባ ይጨነቃል። ብዙ በተሸጠ ቁጥር ዛሬ ከኪስ የሚወጣው ብዙ ነው፤ የሚገባው ግን ነገና ከነገ ወዲያ። በዚህ መንገድ አንድ ትልቅ ዘፈን አግኝተው የከሰሩ ትንንሽ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። ፊሊፕስ ራሱ በ1955 የኤልቪስን ውል ለአር ሲ ኤ በ35,000 ዶላር የሸጠው ኤልቪስን ጠልቶ አልነበረም፤ ገንዘብ አንቆት ነው።

በ1957 መኸር ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሸክላ ነበር። አንዱ «ሬድ ሆት» ነው። ሌላው የጄሪ ሊ «ግሬት ቦልስ ኦፍ ፋየር» ነው። ገንዘቡ፣ የሬዲዮ አዘጋጅ የማግባባቱ ድካም፣ የአከፋፋዩ ትዕግሥት ለሁለት አይበቃም። ፊሊፕስ ጄሪ ሊን መረጠ። ራይሊ በኋለኛው ዕድሜው ደጋግሞ እንደተረከው፣ የእሱ ሸክላ እየተፈለገ ሳለ ፊሊፕስ አከፋፋዮቹን ወደ ጄሪ ሊ እንዳዞራቸው ደረሰበት።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ተራኪው ራሱ ራይሊ ነው። ጠጥቶ ስቱዲዮው ውስጥ ገባ። መሣሪያው ላይ መጠጥ ያፈስ፣ ያገኘውን ይሰባብር ጀመር። ፊሊፕስ ተጠርቶ መጣ። ፖሊስ አልጠራም። ራይሊን ወደ ጓዳ ይዞት ገባና በሩን ዘግቶ ማውራት ጀመረ። ያንተ ጊዜ ገና ነው፣ ለተሻለ ነገር ነው ያቆየንህ፣ አንተን የሚያህል የለም። እስኪነጋ አብረው ጠጡ። ሲነጋ ራይሊ ከዚያ ክፍል የወጣው የዓለም ኮከብ እንደሆነ አምኖ ነው። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ይህችን ሌሊት ብዙዎች እንደ ቀልድ ያወሯታል፤ ራይሊም እየሳቀ ነበር የሚያወራት። ነገር ግን ከዚህች ሌሊት በላይ ፊሊፕስን የሚገልጽ ታሪክ የለም። ሰውየው ሙዚቃን በጆሮ ብቻ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰውንም ያውቅ ነበር። ያው ከአንድ ዘፋኝ ውስጥ ማንም ያላየውን ድምፅ የሚያወጣው ችሎታ፣ ያንኑ ዘፋኝ ባዶ እጁን አሳቅፎ ደስ ብሎት እንዲሄድ ማድረግም ይችላል።

ፍርዱን በሚዛን ካዩት ፊሊፕስ አልተሳሳተም። «ግሬት ቦልስ ኦፍ ፋየር» በአሜሪካ ሁለተኛ፣ በብሪታንያ አንደኛ ደረጃ ደረሰ። ጄሪ ሊ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ነው፤ ዲላንም ራሱ ጄሪ ሊን የመሰለ ሰው ብቅ ሲል ሌላው ዕድል እንደሌለው ተናግሯል። ግን ነገሩ እዚያ አላለቀም። በሜይ 1958 ጄሪ ሊ ለኮንሰርት ብሪታንያ ሲገባ አብራው ያለችው ሚስቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ያውም የአጎቱ ልጅ ልጅ መሆኗን ጋዜጠኞች ደረሱበት። ጉዞው ተሰረዘ፣ ሬዲዮኖቹ ዘጉት፣ ክፍያው ከሺዎች ወደ መቶዎች ወረደ። ፊሊፕስ ሌላውን ሁሉ አቁሞ የተወራረደበት ፈረስ በስምንት ወር ውስጥ ወደቀ። ራይሊን ያኔ ከጓዳ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን የ«ሬድ ሆት» ሰዓት አልፎ ነበር። የዘፈን ሰዓት እንደ ዳቦ ነው፤ በማግስቱ ቢያሞቁት የትናንቱን አይሆንም።

ራይሊም ከጥፋት የጸዳ አልነበረም። ትዕግሥት የለውም፤ አንዱን መንገድ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ብሉዝ ሲያምረው «ላይትኒን ሊዮን» በሚል የሐሰት ስም ይቀርጻል፣ ሲሰለቸው ወደ ካንትሪ ይዞራል። ሁሉንም መቻሉ ጎዳው። የሸክላ ሱቅ አንድን ሰው የሚያስቀምጠው አንድ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ራይሊ አምስት መደርደሪያ ይፈልግ ነበር።

በ1960 ሰንን ትቶ ከጄንስ ጋር ሪታ ሬከርድስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። እዚያ ያወጡት የሃሮልድ ዶርማን «ማውንቴን ኦፍ ላቭ» በአገር አቀፉ ሰንጠረዥ 21ኛ ደረሰ። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ በ1964 በጆኒ ሪቨርስ 9ኛ፣ በ1982 በቻርሊ ፕራይድ በካንትሪው ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኗል። ራይሊ ጥሩ ዘፈን የመለየት ጆሮ እንዳለው ይህ በቂ ምስክር ነው። ጆሮው ለራሱ ሲሆን ነው እምቢ ያለው።

በ1962 ሎስ አንጀለስ ገባ። እዚያ በስቱዲዮ አጃቢነት ከእነ ቢች ቦይስ፣ ዲን ማርቲንና ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር ጋር ሠርቷል። ያች የልጅነት ሃርሞኒካ እንጀራ የሆነችውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1964 ቢትልሶች አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ ሜርኩሪ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ራይሊን የቢትልሶችን ዘፈኖች በሃርሞኒካ እያስነፋ አንድ ሙሉ ሸክላ አወጣ። እነዚያ የሊቨርፑል ልጆች ያደጉት የሰንን ሸክላዎች እየሰሙ ነው። የሜምፊሱን ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ የነበረው ሰው አሁን የተማሪዎቹን ዜማ ለዳንስ ቤት እየነፋ ነው። ሰውየው ግን አላማረረም፤ ሥራ ነበር።

በ1972 ቶኒ ጆ ዋይት የጻፈውን «አይ ጋት ኤ ቲንግ አባውት ዩ ቤቢ» ቀረጸ። የመቶዎቹ ሰንጠረዥ ግርጌ ላይ 93ኛ ሆኖ ታየና ጠፋ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ዘፈን ኤልቪስ አወጣው፤ በካንትሪው ሰንጠረዥ 4ኛ ወጣ። ራይሊ ከዚያ ወዲያ ጊታሩን ሰቀለ። ወደ አርካንሳስ ተመልሶ የግንባታ ሥራ ጀመረ፤ ዘፈኑን ከሰው ጋር ሲያወራው እንጂ ሲዘፍነው የማይሰማ የሠፈር ሰው ሆነ።

የቀሰቀሱት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በአውሮፓ የሰንን አሮጌ ሸክላ በውድ የሚገዙ፣ የማትሪክስ ቁጥሩን በቃል የሚያውቁ ወጣቶች ተነሥተው ነበር። በ1977 ደግሞ ሮበርት ጎርደን የሚባል ወጣት ዘፋኝ ከጊታሪስቱ ሊንክ ሬይ ጋር ሆኖ «ሬድ ሆት»ንም የበራሪ ሳህኖቹንም ዘፈን እንደገና ቀረጻቸው። ዘፈኑ ከሃያ ዓመት በኋላ በሬዲዮ ተሰማ። በ1979 ራይሊን ሜምፊስ ላይ አንድ ምሽት እንዲጫወት ጠሩት። አንድ ምሽት ተብሎ የተጀመረው ነገር እስኪታመም ድረስ የዘለቀ ሥራ ሆነ። አትላንቲክን ተሻግሮ አዳራሽ ሲገባ፣ ቤቱ አጠገብ የማያውቁትን ግጥም እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ልጆች አብረውት ይሉለታል።

ዲላን ያገኘው በ1992 ነው። ሊትል ሮክ ላይ መድረኩን አካፈለው፤ ከዚያ በኋላም በመንገድ በተገናኙ ቁጥር አብረው ይቀመጡ ነበር። በ1997 የወጣው «ሆት ዳም» የተባለው የብሉዝ አልበሙ ለግራሚ ታጨ። በስተርጅና የመጣ ዕጩነት ነው፤ የቀረጸው ሙዚቃም ከጥጥ ማሳው የተማረው ነበር።

በ2005 አንድ ሱቅ ውስጥ አዳልጦት ወድቆ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። በ2009 የአንጀት ካንሰሩ መሠራጨቱ ተነገረ። የሐኪም ሒሳቡን፣ የቤቱን ብድር፣ የኪስ ገንዘቡን ጭምር የሸፈነለት ሙዚኬርስ ነው። ዲላን በ2015 ሽልማቱን ሲቀበል ራይሊን ያነሳበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ውለታ ሊመልስ ነበር። ራይሊ ኦገስት 2 ቀን 2009 ጆንስቦሮ፣ አርካንሳስ ውስጥ በ75 ዓመቱ ሞተ።

ዲላን ያን ምሽት «ሬድ ሆት» እያለ ዘፈኑን በስሙ ጠርቷል። የጻፈውን ሰው ስም አልጠራም። ቢሊ ኤመርሰን በዚያን ቀን በሕይወት ነበር። ዓለማዊ ሙዚቃውን ትቶ ሰባኪ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ 89 ዓመቱ ነበር። ያረፈው በ2023፣ በ97 ዓመቱ ነው።